ከባለቤታቸው ጋር

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. ጁላይ 24 ቀን፣ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ከማቱልዬ የባቡር ጣቢያ ወደ መዝናኛ ከተማዋ አባዝያ የሚወርደው ትራም መቆሚያ እስኪታጣ ድረስ ሞልቶ ነበር። ከታች ባሕሩ በፀሐይ ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋል፤ የክሬስ ደሴት ከሙቀቱ ብዛት ከውሃው ተነቅላ በአየር ላይ የቆመች ትመስላለች፤ በየቪላው አጥር የተከረከመው የሎረል ቅጠል ሽታ ከትራሙ ፍሬን ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ከአንድ ቀን በፊት በቪየና ያለው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለሰርቢያ የአርባ ስምንት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር፤ በትራሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን የሚነጋገሩት ባሕር የሚያይ ክፍል ይገኝ እንደሆነ ነበር።

በሉብሊያና ከተማ በሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል መምህርት የሆነችው ቲልካ ኮባል ባርኔጣዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። በአጠገቧ፣ ሻንጣቸውን እንደ አጥር በመካከላቸው አቁሞ፣ ራዶ ፔርኔ ተቀምጧል፤ ሥራው መሬት መቀየስ ሲሆን በተጠባባቂው ጦር ውስጥ የመቶ አለቃ ማዕረግ ነበረው። ከተጫጩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ይህንንም ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናቷ እንኳ ፖስቶይና ካለች ጓደኛዋ ዘንድ ሦስት ቀን ልትሰነብት የሄደች ይመስላቸዋል።

የመደበቃቸው ምክንያት ፍርሃት ሳይሆን ሕግ ነው። በዚያ ግዛት ያገባች መምህርት ሥራዋን «በፈቃዷ እንደ ለቀቀች» ትቆጠር ነበር፤ ቲልካ ከሕጉ ሁሉ አብልጣ የምትጠላው ይህችን «በፈቃዷ» የምትል ቃል ነው። ሳታገባ ከወንድ ጋር የታየችዋ ደግሞ «የመምህርነትን ክብር የሚነካ ጠባይ» በሚለው በሌላው አንቀጽ ትሰናበታለች። በነዚህ በሁለቱ አንቀጾች መካከል አራት ዓመት ኖረዋል፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ እሱ ባርኔጣውን ያነሣል፣ እሷ አንገቷን ታጎነብሳለች፣ ከዚያ ያልፋሉ። አሁን የፈለጉት ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ያም በሁለት ክፍል፣ እሱ በሁለተኛው ፎቅ እሷ በሦስተኛው ሆነው።

አንድ አደጋ ብቻ ነበረ፤ እሱም የእንግዶቹ ዝርዝር ነው። አባዝያ የገባ ሰው ሁሉ ስሙ፣ ማዕረጉ፣ አገሩ፣ ያረፈበት ቤትና የሰዎቹ ቁጥር በሳምንት ጥቂት ጊዜ ታትሞ በየቁርስ ጠረጴዛው ይቀመጣል፤ ሰዉም ከጋዜጣው በፊት እሱን ያነብባል። በፖስታም ወደ ሉብሊያና፣ ወደ ግራዝና ወደ ቪየና የንባብ ቤቶች ይላካል። ራዶ ለዚህ መላ አግኝቶለታል፤ በእንግዳ ማረፊያው መዝገብ ላይ የራሱን ስም ይጽፍና ከጎኑ «ከአብሮ ተጓዥ ጋር» ብቻ ይላል። የሷ ስም የትም አይገባም። በዚህ መላ በጣም ኮርቶ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ነግሯታል።

የቪላ አርማንዳ እንግዳ ተቀባይ አቶ ቨንዴሊን የሚባሉ ነጭ ሪዛም ቦሄሚያዊ ሽማግሌ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት በዚያች በር ላይ ቆመው አንድ ሙያ አዳብረዋል፤ ማዕረግ መጨመር። ማዕረግ የሌለውን ዶክተር ይሉታል፣ ዶክተሩን ፕሮፌሰር፣ የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ አማካሪ፣ አማካሪውን ባሮን። በዚያ አገር ይህ እንደ «እንደምን አደሩ» የሚቆጠር ነገር ነው፤ የሚያምነው የለም፣ እምቢ የሚለውም የለም።

«እንኳን ደኅና መጡ ክቡር ሻምበል» አሉ፣ ራዶ የጻፈውን በመነጽራቸው አጮልቀው እያዩ።

«መቶ አለቃ ነኝ። እሱም የተጠባባቂ።»

«በዚህ ቤት ጣራ ሥር ግን ሻምበል ነዎት» አሉና ወደ ቲልካ ዞረው እጅ ነሱ። «ወይዘሮ ሻምበል፣ የእርስዎ ክፍል ነፋስ ያገኛል።»

ሚስት የባሏን ማዕረግ ለብሳ መጠራቷ የአገሩ ወግ ነውና፣ ሁለቱም ደረጃውን የወጡት አፋቸውን ይዘው እየሳቁ ነበር። ቲልካ «ወይዘሮ» መባሏ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም በራሷ ተናደደች።

ቅዳሜ ባሕር ገቡ። የሴቶቹና የወንዶቹ መዋኛ በጣውላ አጥር የተለያየ ነው፤ አጥሩ ውሃው ውስጥ ገብቶ ሲያልቅ ገመድ ይቀጥላል፤ ገመዱም ሲያልቅ የሚከለክል ነገር የለም። ቲልካ የሱፍ የዋና ልብሷ እየከበዳት እዚያ ድረስ ዋኘች። ራዶ ከወዲያ በኩል ደርሶ ኖሮ እስከ አገጩ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል።

«ወይዘሮ ሻምበል፣ እዚህ ድረስ በማን ፈቃድ ነው የመጡት?»

«በአንቀጽ ስንት ነው የተከለከለው?»

«ሕጉ የሚደርሰው ገመዱ ድረስ ነው» አላት። ያን ጊዜ የመዋኛው ጠባቂ ፊሽካውን ነፋባቸው፤ ወደየአጥራቸው ተመለሱ።

በዚያው ቀን ወደ ማታ፣ ሙዚቀኞቹ በመናፈሻው ውስጥ ሲጫወቱ፣ ከሰርቢያ ዋና ከተማ ከቤልግሬድ የንጉሠ ነገሥቱ አምባሳደር ተነሡ የሚል ወሬ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ዞረ። መኮንኖቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ሲሄዱ ታዩ፤ አይስክሬማቸው ሳህኑ ላይ ቀልጦ ቀረ። ራዶ ሲነሡ የነበሩትን ይቆጥር ነበር፤ ምን እንደሚያይ ስትጠይቀው «ምንም» አለ።

እሑድ ጠዋት ባሕር ዳር ባለው ኬክ ቤት ሰገነት ላይ ቁርስ በመብላት ላይ ሳሉ፣ ሐምራዊ ጃንጥላ የያዙ ወፍራም ሴት ወደ ጠረጴዛቸው መጡ። የሉብሊያና ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ባለቤት ወይዘሮ ዱፍነር ነበሩ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ከባላቸው ጋር ወደ ክፍሏ እየመጡ የልጆቹን የእጅ ሥራ ያያሉ፣ ቲልካንም «አንቺ ልጅ» እያሉ ይጠሯታል። በእጃቸው የዕለቱን የእንግዶች ዝርዝር ይዘዋል። መጀመሪያ ቲልካን አዩ፤ ቀጥለው ራዶን፤ በመጨረሻ ወረቀቱን።

«እኔ ደግሞ ይህ ሻምበል የማን ሻምበል ነው እያልኩ ከጠዋት ጀምሮ ስጨነቅ ነበር» አሉ። «የከተማችንን ሻምበሎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ታዲያ የእርስዎ ኖሯል፣ ወይዘሮ ሻምበል።»

ወረቀቱን ዘርግተው ጣታቸውን አስቀመጡበት። «ሻምበል ራዶ ፔርኔ፣ ከባለቤታቸው ጋር፤ ከሉብሊያና፤ ቪላ አርማንዳ፤ ሁለት ሰዎች» ይላል።

ቲልካ ያስተዋለችው ግን ከሕትመቱ ይልቅ ሌላውን ነው። እኚህ ሴት እስካለፈው ወር ድረስ «አንቺ» ይሏት ነበር፤ አሁን «እርስዎ» አሏት። በዚህች በአንዲት ቃል ከትምህርት ቤቱ ወጥታለች።

«መቼ ነው የሆነው? ፋሲካ ላይ?» ሲሉ ቀጠሉ ሴትዮዋ። «ባለቤቴ የመልቀቂያ ማመልከቻዎን ቢያይ ይነግረኝ ነበር። ረስተውት ይሆናላ፤ ሙሽራ ብዙ ነገር ይረሳል። ለአንድ ቦታ ሰማንያ ልጃገረዶች ወረፋ ይዘዋል እያለ ቀንና ሌሊት ያማርራል፤ አንዷ ለእርስዎ ጧፍ ታበራልዎታለች።»

ራዶ ብድግ አለ። «ወይዘሮ ተቆጣጣሪ፣ ስሕተት አለበት።»

«ስሕተት?» አሉ ወይዘሮ ዱፍነር፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የትኛው?»

ራዶ ተመልሶ ተቀመጠ። ቲልካ የጎረሰችውን ዳቦ በዝግታ እያኘከች ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አኖረቻቸው። ሚስቱ ነኝ ካለች አንደኛው አንቀጽ ይጠብቃታል፤ አይደለሁም ካለች፣ ታዲያ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሰዎች የተባሉት እነማን ናቸው ይባላል፣ ሁለተኛው አንቀጽ ይመጣል። ሁለት ክፍል እንዳላቸው ዝርዝሩ አይናገርም። ሴትዮዋ እስክትውጥ ድረስ በትዕግሥት ጠበቋት።

«ማዕረጉ ነው የተሳሳተው» አለች ቲልካ በመጨረሻ። «መቶ አለቃ ነው።»

ወይዘሮ ዱፍነር ከት ብለው ሳቁ። «እሱማ የቨንዴሊን ሥራ ነው፤ እኔን አንድ ጊዜ ባሮነስ አድርጎኛል፤ ባለቤቴ ለሳምንት ሙሉ እየጎነበሰ ሰላም ሲለኝ ከረመ።» ወረቀቱን በዚያች መስመር ላይ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ መልካም የጫጉላ ጊዜ ተመኝተውላቸው ሄዱ።

ቲልካ ጥርሷን ነክሳ ወደ ቪላው ተመለሰች። አቶ ቨንዴሊንን መዝገባቸው ላይ አቀርቅረው አገኘቻቸውና «ከባለቤታቸው ጋር» ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ ጠየቀች። እሳቸውም ያለ አንዳች ኀፍረት እኔ ነኝ አሉ።

«እኔ እኮ ወይዘሮ አይደለሁም።»

ሽማግሌው ተላላፊ በሽታ እንዳለባት የነገረቻቸው ይመስል ግራና ቀኝ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አውቃለሁ እመቤቴ። ጌታው የጻፉትን አይቼዋለሁ። ‹ከአብሮ ተጓዥ ጋር› የሚል ጽሑፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ? በዚህ ባሕር ዳር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ከኦፔሬታ ዳንሰኞች ጋር የሚመጡት ጌቶች ናቸው እንዲያ የሚጽፉት። እርስዎን ሳይ የዚያ ዓይነት አይደሉም፤ አሳዘኑኝና ከፍ አደረግኩዎት።»

ቲልካ ራዶ በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ የኮራበትን መላ አሰበች። ተጨቃጭቃ የምታተርፈው አልነበረም፤ እርማት ይውጣልኝ አለች። የሚቀጥለው ዝርዝር ረቡዕ ይወጣል። አቶ ቨንዴሊን በፈቃደኝነት ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ወረቀት ሳቡ።

«ምን ልበል?»

ቲልካ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች።

«‹ባለቤታቸው አይደሉም› ልበል? እህት ናቸው ልበል? እህት ካልኩ ሴትዮዋ ያውቁዎታል። ስምዎን ልጻፍ?» ብዕሩን አንሥተው ጠበቁ፤ ቀለሙ ጫፉ ላይ ደረቀ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ከፍ ሳደርግ ኖርኩ፤ ዝቅ ያደረግኩት ሰው የለም። እንዴት እንደሚደረግም አላውቅበት፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እሷም አላወቀችበትም። ወረቀቱ ባዶውን ቀረ።

ከቪላው ስትወጣ በትራሙ መቆሚያ ግድግዳ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ማስታወቂያ እየለጠፈ ነበር፤ ሙጫው ገና ይንጠባጠባል። ከተጠሩት ክፍላተ ጦር ውስጥ የራዶ አንዱ ነበር፤ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቀርቦ መታየት አለበት። ራዶ ቀድሟት እዚያ ቆሞ ኖሮ ማስታወቂያውን በጀርመንኛው አነበበው፣ በጣልያንኛው ደገመው፤ በሦስተኛው ቋንቋ የተለየ ነገር ይላል ብሎ ተስፋ ያደረገ ይመስላል። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ ባቡር መቀመጫ ይጨቃጨቅ ነበር።

የተነጋገሩት በመናፈሻው ሎረል ሥር ባለ አግዳሚ ላይ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ መሆኑን አላወቁም። ራዶ እንጋባ አለ፤ በጦርነት ጊዜ ቄሶቹ ከጋብቻ በፊት በቤተ ክርስቲያን የሚነገረውን የሦስት ሳምንት ማስታወቂያ ይተዋሉ፣ ነገ ጠዋት ሉብሊያና ውስጥ ሊፈጸም ይችላል አላት።

«ያን ጊዜ ዝርዝሩ እውነት ይሆናል» አለች። «ሥራዬም አለቀ።»

«ሥራሽ ከእኔ ይበልጣል?»

«አይበልጥም። አንተ ግን ማክሰኞ አጠገቤ የለህም። ሥራዬ ቢተዉልኝ ማክሰኞም አለ።»

ይህን ማለቷ ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኗም ለብዙ ዓመት አልጠቀማትም። ራዶ ሲመለስ ራሱ ተቆጣጣሪው ዘንድ ሄዶ ስለ ሁለቱ ክፍሎች እንደሚያስረዳ ቃል ገባ። እሷም እሺ አለች። በወረቀት አስፍረህ ፈርመህበት ሂድ ማለት ግን ትዝ አላላትም፤ ቀኑን ሙሉ በወረቀት ስትሰቃይ የዋለች ሴት ስለ ወረቀት ልትዘነጋ መቻሏ ኋላ ራሷን ይገርማት ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ትራሙ መጣ። አደባባዩ በተጠባባቂ ወታደሮችና በሚስቶቻቸው ተሞልቶ ነበር፤ ከሚስቶቹ መካከል ወይዘሮ ዱፍነር ሐምራዊ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። አቶ ቨንዴሊን የራዶን ሻንጣ ራሳቸው ተሸክመው አመጡ፤ «መልካም መንገድ፣ ክቡር ኮሎኔል» አሉት። ከዓርብ ወዲህ ሦስት ማዕረግ ጨምረውለታል።

ቲልካ ዙሪያዋን አየች። ሚስቶቹ ሁሉ ባሎቻቸውን ይስማሉ፤ ማንም ዞሮ አያይም። አራት ዓመት ሙሉ በመንገድ ላይ ያለፈችው ሰው ፊቷ ቆሟል፤ በዚያን ቀን፣ በዚያ አደባባይ፣ በታተመ ወረቀት መሠረት ሚስቱ ናት። የተቆጣጣሪው ሚስት እያዩዋት አንገቱን አቅፋ ሳመችው። አደባባዩ ላይ ከነበሩት ሁሉ ያልተፈቀደላት እሷ ብቻ ነበረች፤ ይህን የሚያውቁትም ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ሻንጣውን እየጫኑ ነበር።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ የደረሳት በሴፕቴምበር፣ ትምህርት ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው ነው። ያገባች መሆኗ ከታተመ የእንግዶች ዝርዝርና ከአንዲት የተከበሩ የዓይን ምስክር ስለ ተረጋገጠ፣ ሥራዋን በፈቃዷ እንደ ለቀቀች ተቆጥሯል ይላል፤ መልካም ትዳርም ይመኝላታል። በዚያን ጊዜ ራዶ ከሞተ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ክፍለ ጦሩ በኦገስት መጨረሻ በጋሊሲያ፣ ዝሎታ ሊፓ በሚባል ወንዝ አጠገብ፣ በግማሽ ቀን ውስጥ ብዙ ሰው አጥቶ ነበር፤ መርዶው የተላከው ስለ ቲልካ ምንም ለማያውቁት እናቱ ነው። እሷ ስሙን ያገኘችው በጋዜጣ ቤት መስኮት ላይ ከተለጠፈ ዝርዝር ነው። ያንን ዝርዝር ቆማ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ በኋላዋ ያሉት ሰዎች ቦታ እንድትለቅ በክርናቸው ገፏት።

በኖቬምበር አካባቢ፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው መምህራት ወደ ሥራ እንዲመለሱ ተፈቀደ ሲባል ሰምታ ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ሄደች። የተቀበላት ጸሐፊ ወጣትና ጨዋ ነበር፤ ወንበር ሰጣት፣ ለወይዘሮ ፔርኔ የኀዘን ተካፋይነቱን ገለጸላት፣ ከዚያም የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን ጠየቃት።

«የለኝም።»

«እንግዲያውስ ማግባትዎን በምን እናውቃለን?»

«በዝርዝሩ። መዝገቤ ውስጥ አለላችሁ።»

ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠው፤ በሐምራዊ እርሳስ የተሰመረበትን የአባዝያን ወረቀት አየው። «ይህ እኮ የመዝናኛ ከተማ ወረቀት ነው፣ እመቤቴ። የመንግሥት ሰነድ አይደለም።»

«እኔን ለማሰናበት ግን በቅቷል።»

«ለዚያማ» አለ ጸሐፊው፣ ለማስከፋት ሳይሆን ነገሩ እንደዚያ ስለሆነ፣ «እርስዎ አልተቃወሙም።»

ቲልካ ለአቶ ቨንዴሊን ስለ ሁለቱ ክፍሎች እንዲመሰክሩላት ጻፈችላቸው። መልሱ ከገና በኋላ መጣ። እንግዳ በመጥፋቱ ዝርዝሩ ወደ ግማሽ ገጽ እንደ ወረደ፣ ቪላው የቁስለኞች ማረፊያ እንደ ሆነ፣ መዝገቡንም ሐኪሞቹ ምድጃ እንዳነደዱበት ገልጸው፣ ለደረሰባት ኀዘን ከልብ አዝነዋል። ፖስታው ላይ የተጻፈው «ለክብርት ወይዘሮ ኮሎኔል ፔርኔ» የሚል ነበር። ፖስተኛው ጎረቤት ለጎረቤት እየጠየቀ ነው ያደረሰላት።

ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት የኖረችው ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሒሳብ እየጻፈችና ለሰዎች ልጆች በየቤታቸው ንባብ እያስተማረች ነው። ስለ እነዚያ የጁላይ ቀናት የተጻፉት መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ማስጠንቀቂያውንና አምባሳደሩ የተነሡበትን ሰዓት በደቂቃ ያውቁታል። ከቲልካና ከራዶ ግን የተረፉት ሁለት ወረቀቶች ብቻ ናቸው። አንደኛው የአባዝያ የእንግዶች ዝርዝር ነው፤ ያልነበረ ሻምበል ካልነበረች ባለቤቱ ጋር በቪላ አርማንዳ ማረፉን ይመሰክራል። ሁለተኛው የክፍለ ጦሩ የሟቾች መዝገብ ነው፤ መቶ አለቃ ራዶ ፔርኔ፣ ያላገባ፣ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው የለም፤ ቢኖርም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ተሳስቷል ብሎ ያልፋል።

ቲልካ ኮባል የሚለው ስም በሁለቱም ላይ የለም። ስሟ የትም እንዳይገባ ተመካክረው ነበር፤ ያሰቡት ሁሉ ሲፈርስ ይህ ብቻ ተሳካላቸው።